ከአዲስ አበባ ወደ ክልል ከተማ የቤት ዕቃን በአነስተኛ ወጪ ማጓጓዝ፦ ከቆጠራ እስከ ማውረድ

የቤት ዕቃ ጭነት የሚያስወድደው ክብደቱ ሳይሆን የሚይዘው ቦታ ነው። 40 ኩንታል የሚሸከም አይሱዙ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ዕቃ ተጭኖበት እስከ ላይ ሞልቶ ቢመዘን 15 ኩንታል ላይሞላ ይችላል። የቀረው አየር ነው፦ የቁም ሳጥኑ ባዶ ሆድ፣ የጠረጴዛው እግሮች መሀል፣ ባዶ ሮቶ፣ ባዶ መሶብ። ሹፌሩ የሚያስከፍለው ለመኪናው ስለሆነ የዚያን አየር ዋጋ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ መነሻው ይህ ነው፤ አየሩን ቀንሱ፣ ከዚያ ባዶውን ሊመለስ የነበረ መኪና ፈልጉ፣ ከመጫናችሁ በፊት ደግሞ ውሉን በጽሑፍ ጨርሱ።

ለዝግጅቱ ቢያንስ 2 ሳምንት ያስፈልጋል። በ3 ቀን ውስጥ ልውጣ ያለ ሰው ደላላው ያመጣለትን መኪና ደላላው በጠራው ዋጋ ይወስዳል።

1. መቁጠርና መለካት

ሜትር፣ ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ። በየክፍሉ ግቡና ትልልቁን ዕቃ ሁሉ ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ቁመቱን ለክታችሁ አባዙት፤ ውጤቱ በሜትር ኩብ የሚይዘው ቦታ ነው። ለአንድ መካከለኛ የኮንዶሚኒየም ቤት ሂሳቡ ይህን ይመስላል፦

ባለ 3 መቀመጫ ሶፋ (2 ሜትር በ0.90 በ0.85) 1.5 ሜትር ኩብ
ባለ 1 መቀመጫ ሶፋ 2 ፍሬ፣ 1.4
ባለ 3 በር ቁም ሳጥን (1.50 በ0.60 በ2) 1.8
የ1 ሜትር ከ50 እና የ1 ሜትር ከ20 ፍራሽ፣ አንድ ላይ 1
ሁለት አልጋ ተፈትቶ 0.6
ፍሪጅ 0.7፣ ልብስ ማጠቢያ 0.3፣ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ 0.4
የምግብ ጠረጴዛ ከ4 ወንበር ጋር 1.5
25 ካርቶን (50 በ40 በ40 ሳንቲ ሜትር) 2
8 ማዳበሪያ ልብስ 1 ገደማ
የ500 ሊትር ሮቶ 0.6፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ 0.13

ድምሩ 13 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ዕቃ እንደ ጡብ ተገጣጥሞ አይደረደርምና በዕቃዎቹ መሀል ለሚቀረው ክፍተት 20 በመቶ ጨምሩበት፤ ወደ 15.6 ይመጣል። ካሶኒው (የመኪናው የጭነት ሣጥን) 4.20 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ስፋት ያለውና እስከ 2 ሜትር ከፍታ የሚጫንበት መኪና 16.8 ሜትር ኩብ ይይዛል። ስለዚህ ለዚህ ቤት አነስተኛው አይሱዙ ኤንፒአር ይበቃል፤ ትልቁን ኤፍኤስአር መከራየት ገንዘብ መጣል ነው። የካሶኒ ልክ ከመኪና መኪና ስለሚለያይ በስልክ «ትልቅ ነው» የሚል መልስ አትቀበሉ፤ የካሶኒውን ርዝመትና ስፋት በሜትር ጠይቁ።

እግረ መንገዳችሁን በሩን፣ የደረጃውን ስፋትና የደረጃውን መታጠፊያም ለኩ። ሶፋው ሲገባ የበሩ ማጠፊያ ተነቅሎ ከነበረ ሲወጣም መነቀሉ አይቀርም። በደረጃ የማያልፍ ሶፋ በበረንዳ በገመድ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ተጨማሪ ሰውና ተጨማሪ ክፍያ አለው። ይህ አስቀድሞ ይታወቅ እንጂ የመጫኛው ዕለት አይሁን።

2. የሚሄደውንና የሚሸጠውን መለየት

ጠቅላላ ወጪውን ገምቱ፦ መኪናው፣ እዚህ የሚጭኑት፣ እዚያ የሚያወርዱት፣ ደላላው፣ ካርቶንና ገመዱ። ለሂሳብ ማሳያ ያህል ሁሉም 24,000 ብር ቢሆንና ጭነታችሁ 16 ሜትር ኩብ ቢሆን፣ አንዱ ሜትር ኩብ 1,500 ብር ያስወጣል ማለት ነው። አሁን እያንዳንዱን ዕቃ በዚህ ዋጋ መዝኑት።

ሶፋው በሙሉ 3 ሜትር ኩብ ከያዘ ማጓጓዣው 4,500 ብር ነው። እዚህ ቢሸጥ 12,000 ብር የሚያወጣ፣ እዚያ ተመሳሳዩን ለመግዛት ግን 20,000 የሚጠይቅ ከሆነ ልዩነቱ 8,000 ነውና ይሂድ። በአንጻሩ እዚህ 4,000 የሚያወጣና እዚያ በ6,000 የሚገኝ የቺፑድ ቁም ሳጥን ሳይፈታ ቢጫን 2,700 ብር ይበላል፤ ይህ ይሸጥ። ያው ቁም ሳጥን መፈታት የሚችል ከሆነ ግን ጣውላው ተደራርቦ 0.35 ሜትር ኩብ ብቻ ይይዛል፤ ማጓጓዣው 525 ብር ይሆናል፣ ፍርዱም ይገለበጣል። ለዚህ ነው «ይፈታል ወይስ አይፈታም?» የሚለው ጥያቄ ከዕቃው ዕድሜ በላይ ዋጋ ያለው።

በዚህ ሂሳብ ሁልጊዜ የሚያዋጣው ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ፍራሽ፣ የወጥ ቤት ዕቃና ልብስ ነው። ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የማያዋጣው አሮጌ ቺፑድ፣ የፕላስቲክ መደርደሪያና በምስማር የተመታ ባዶ ሣጥን ነው። ሮቶ ባዶውን ከሄደ ኪሳራ ነው፤ ታጥቦ በደንብ ደርቆ ትራስ፣ ብርድ ልብስና ልብስ ከታጨቀበት ግን ውሃ የማያስገባ ጥሩ ሣጥን ይሆናል። መሶብ፣ ትልልቅ ድስት፣ በርሜልና ሻንጣም እንዲሁ ሆዳቸው ሞልቶ ይሂድ።

3. መኪና ፍለጋ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው መኪናውን ከሚነሣበት ሰፈር መፈለጉ ነው። መኪናውን ከመድረሻው ፈልጉት። የምትሄዱበት ከተማ ውስጥ የምታውቁት ሰው ካለ ወደ አዲስ አበባ እህል፣ አትክልት ወይም ሌላ ምርት ይዞ የሚመጣና ሲመለስ ጭነት የማያገኝ ሹፌር እንዲያገናኛችሁ ጠይቁት። ለእንዲህ ዓይነቱ ሹፌር የእናንተ ጭነት የመመለሻ ነዳጅ መሸፈኛ ነው፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ባዶውን ከሚመለስ መኪና ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ላይ ሰፊ ልዩነት አለ፤ ያኛው የደርሶ መልሱን ሂሳብ እናንተ ላይ ይጥላልና። የምታውቁት ሰው ከሌለ ከዚያ ከተማ የሚመጡ መኪኖች የሚያራግፉበት ቦታ ሂዱ። ለምሳሌ እህል የጫኑት የእህል ገበያ አካባቢ ይገኛሉ። ጠዋት አራግፈው ከሰዓት የሚመለሱ ስለሆኑ ማልዶ መሄድ ይበጃል።

መኪናው ከዚህ በፊት ምን እንደጫነ ጠይቁ። ሽንኩርትና ቲማቲም የጫነ ካሶኒ እርጥብ ነው፤ ተጠርጎ ላስቲክ ከተነጠፈበት ችግር የለውም። ሲሚንቶ የጫነ በደንብ ካልተጠረገ ብናኙ ሶፋ ውስጥ ይገባል። ከብት የጫነውን ግን ታጥቦ ካልደረቀ በቀር አትቀበሉ፤ ፍራሽ የያዘው ሽታ አይለቅም።

ጭነታችሁ ከ6 ሜትር ኩብ በታች ከሆነ ሙሉ መኪና አትከራዩ። የነጋዴ ዕቃ ይዞ ከሚሄድ መኪና ላይ የተረፈውን ቦታ መጋራት ይቻላል፤ የምትከፍሉት ለያዛችሁት የካሶኒ ርዝመት ነው። «ከጋቢናው ጀርባ 1 ሜትር ተኩል» ብላችሁ ተዋዋሉ እንጂ «ትንሽ ቦታ» አትበሉ። አብሯችሁ የሚጫነው ምን እንደሆነም እወቁ፦ ከነዳጅ፣ ከኬሚካል፣ ከዘይት ጀሪካን ጋር ፍራሽና እህል አይሄድም። ሁለት ሦስት ማዳበሪያና አንድ ፍራሽ ብቻ ከሆነ ደግሞ የአውቶቡስ ፖርቶመጋላ ይበቃል። ክፍያውን ከረዳቱ ጋር ከመሳፈራችሁ በፊት ጨርሱ፤ ዕቃው ከተጫነ በኋላ መደራደር አይቻልም።

ከዘመን መለወጫ፣ ከገናና ከፋሲካ በፊት ባሉት 10 ቀናት አትንቀሳቀሱ። መኪናው ሁሉ የበዓል ጭነት ላይ ነው፣ ዋጋውም ይወጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ከሆነ ጉዟችሁ ሸራውን ራሳችሁ ፈትሹ፤ ሁለት ሰው ወደ ፀሐይ ዘርግቶ ይያዘው፣ እናንተ ከሥሩ ሆናችሁ ተመልከቱ። ብርሃን ያሳለፈ ቀዳዳ ሁሉ ዝናብ ያሳልፋል፤ ውሃ የጠጣ የስፖንጅ ፍራሽ ደግሞ ውስጡ እስኪደርቅ ቀናት ይወስዳል፣ አብዛኛውን ጊዜም ይሻግታል።

4. ውሉ

ዋጋ ከመስማማታችሁ በፊት ዋጋው ምን ምን እንደሚያካትት አንድ በአንድ ጠይቁ። ጠብ የሚነሣው ከዚህ ዝርዝር ነው፦

በየከተማው መግቢያ የኮቴ ክፍያ ቢጠየቅ ማን ይከፍላል? ወደ አዳማና ሐዋሳ አቅጣጫ ከሆነ የፍጥነት መንገዱ ክፍያስ? መኪናው የሚደርሰው እስከ ቤቱ በር ነው ወይስ እስከ አስፋልቱ? መንገድ ተዘግቶ ወይም መኪና ተበላሽቶ ቢታደር የመዋያው ሂሳብ የማን ነው? ሹፌሩ መንገድ ላይ ሌላ ዕቃ ወይም ሰው መጫን ይችላል? የሚጭኑትና የሚያወርዱት ሰዎች ክፍያ ውስጥ አለበት?

በዕቃችሁ ላይ በየመንገዱ ከሰል ወይም ጆንያ እየተጨመረ መሄዱ የተለመደ ነው፤ ሶፋና ቡፌ የሚሰበረውም በዚህ ነው። ስለዚህ ይህን በግልጽ አስጽፉ። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፦ የሁለቱ ወገን ሙሉ ስምና ስልክ፣ የመኪናው ታርጋ፣ መነሻና መድረሻ እስከ ሰፈሩ ድረስ፣ የመነሻ ቀንና ሰዓት፣ የመድረሻ ቀን፣ ጠቅላላ ዋጋ፣ ቀብድ፣ የካርቶንና የዕቃ ብዛት፣ «ከዚህ ውጭ ሌላ ጭነት አይጨመርም» የሚል ቃል፣ የሁለቱና የሁለት ምስክሮች ፊርማ። የመንጃ ፈቃዱንና የመኪናውን ሊብሬ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ሹፌሩ ባለቤቱ ካልሆነ የባለቤቱን ስልክ ተቀበሉና እዚያው ደውሉ።

ክፍያውን በሙሉ አስቀድማችሁ አትስጡ። ተጭኖ ሲያልቅ ለነዳጅ የሚሆነው ከግማሽ ያልበለጠ ገንዘብ፣ ቀሪው ዕቃው ወርዶ ከተቆጠረ በኋላ። ሙሉውን ካልከፈላችሁ አልነሣም የሚል ሹፌር ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ፤ ገንዘቡን አስቀድሞ የጨረሰ ሰው መንገድ ላይ ተጨማሪ ሲጠይቅ የምትይዙት ነገር አይኖራችሁም።

መኪናው ያለበት የሦስተኛ ወገን መድን የእናንተን ዕቃ አይሸፍንም። ዋጋው ከፍ ያለ ዕቃ ካላችሁ በጉዞ ላይ ላለ ዕቃ የሚሰጥ መድን ከመድን ድርጅቶች መግዛት ይቻላል፤ ከመግዛታችሁ በፊት ያገለገለ የቤት ዕቃን፣ በተለይም የመስታወት ስብራትን ይሸፍን እንደሆነ ጠይቁ።

መሥሪያ ቤታችሁ አዘዋውሯችሁ ከሆነ የዕቃ ማጓጓዣ የሚከፍል መሆኑን ከሁሉ በፊት ጠይቁ። የሚከፍል ከሆነ ሕጋዊ ደረሰኝ ያስፈልጋልና ደረሰኝ የሚቆርጥ አጓጓዥ መምረጥ ግድ ነው።

ወረቀቶቹን አትናቁ። ከኮንዶሚኒየምና ከጊቢ ዕቃ ለማውጣት ጥበቃው የመውጫ ወረቀት ይጠይቃል፤ ተከራይ ከሆናችሁ የአከራያችሁ ፊርማ ያስፈልጋል። ይህን ከ3 ቀን በፊት ጨርሱ፤ መኪናው በር ላይ ቆሞ አከራይ ፍለጋ መሮጥ የመዋያ ክፍያ ነው። ከወረዳው መሸኛ ስታወጡ የዕቃውን ዝርዝር አብራችሁ ያዙ። በየኬላው አዲስ የሚመስል ቴሌቪዥን ወይም ፍሪጅ ጥያቄ ስለሚያስነሣ የተገዛበት ደረሰኝ ካለ ከሹፌሩ ጋር ሳይሆን ከእናንተ ጋር ይሁን፤ ለሹፌሩ ቅጂውን ስጡት።

5. አስተሻሸግ

ካርቶን ከፋርማሲና ከሱፐርማርኬት በርካሽ ይገኛል። የመድኃኒትና የሙዝ ካርቶን ወፍራምና ጠንካራ ነው፤ የብስኩትና የለስላሳ ካርቶን ሥሩ ይለቃል። ሥሩን በመስቀለኛ መልክ በፕላስተር አጥብቁት። አንድ ካርቶን ከ20 ኪሎ አይብለጥ። መጽሐፍ በትንንሽ ካርቶን ብቻ፣ ልብስ በማዳበሪያ፤ ማዳበሪያ በየክፍተቱ ስለሚሰካ ከሻንጣ ይልቅ ቦታ ይቆጥባል። እያንዳንዱን «7 ከ34» እያላችሁ በሁለት ጎን ቁጥር ጻፉ፤ በደብተር ላይ ከቁጥሩ አጠገብ ውስጡ ያለውን መዝግቡ። ካርቶኑ ላይ ግን «ላፕቶፕ» ብላችሁ አትጻፉ።

ሳህን ተኝቶ አይደራረብም፤ እንደ መጽሐፍ በጠርዙ ቆሞ ይደርደር። የተኛ ሳህን መኪናው በዘለለ ቁጥር የላዮቹን ክብደት በመሀሉ ይሸከማል፤ የቆመው ግን በጠርዙ ይሸከማል፣ ጠርዙ ደግሞ ጠንካራ ነው። በየመሀሉ ጋዜጣ ወይም የሕጻን ልብስ አድርጉ። ካርቶኑን ስትነቀንቁት ድምፅ ከሰጠ ገና አልታሸገም። ጀበና የሚሰበረው አንገቱና ጡቱ ላይ ነው፤ በፎጣ ጠቅልላችሁ ወፍራም ድስት ውስጥ አስቀምጡና ዙሪያውን በጨርቅ ጠቅጥቁ።

የቡፌና የጠረጴዛ መስታወት ከቦታው ይውጣ። በፕላስተር ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ኤክስ ምልክት አድርጉበት፤ ከመሰበር ባያድነውም ቢሰበር አይበተንም። በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በጠርዙ ቆሞ በሁለት ፍራሽ መሀል ይሂድ። ተኝቶ አይሂድ። ቴሌቪዥንም እንዲሁ ነው፦ ቆሞ፣ ስክሪኑ ወደ ፍራሽ ዞሮ። የተኛ ስክሪን በእያንዳንዱ ጉድጓድ መሀሉ ወደ ታች ይረግባል፤ ሲበራ የሚታየው ጥቁር መስመር የመጣው ከዚያ ነው።

ፍሪጁን ከመጫኛው 24 ሰዓት በፊት ንቀሉ፣ በሩን ክፈቱ፣ በረዶው ይቅለጥ፣ በጨርቅ ይድረቅ። መደርደሪያዎቹን አውጥታችሁ ለብቻ ጠቅልሉ። ሆዱ በቀላል ልብስ ሊሞላ ይችላል፣ በሩ ግን በገመድ ይታሰር። መሄድ ያለበት ቆሞ ነው። ፍሪጅ ሲተኛ ኮምፕሬሰሩ ውስጥ ያለው ዘይት ወደ ጋዝ መስመሩ ይፈስሳል፤ ወዲያው ሲሰካ ኮምፕሬሰሩ ያለ በቂ ዘይት ይሠራል፣ አንዳንዴም መስመሩ ይዘጋል። በደረጃ ላይ ትንሽ ማዘንበል አይጎዳውም፤ ከ45 ዲግሪ በላይ ግን አታጋድሙት።

ከፊት የሚከፈት ልብስ ማጠቢያ ሲገዛ ከበሮውን የሚይዙ 3 ወይም 4 የማጓጓዣ ብሎኖች ከኋላው ነበሩት። ካላችሁ መልሳችሁ እሰሩ። ከጠፉ በከበሮውና በአካሉ መሀል በበሩ በኩል ስፖንጅ ጠቅጥቁ። ውሃውን ከታች ባለው ማጣሪያ አፍስሱ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሁሉም በላይ ትኩረት ይሻል። ሸክላው አይተጣጠፍም፤ ከሥሩ የተዘረጋው ሽቦ ደግሞ ከቦዩ ወጥቶ ሊነካካ ይችላል። ክዳኑ ለብቻ ይጠቅለል። ምጣዱ እንደተለመደው በአግድሙ፣ በእጥፍ ብርድ ልብስ ላይ፣ ከላዩ ምንም ሳይጫንበት ይሂድ። አይገልበጥ፣ በጎኑ አይቁም። ጋቢና ውስጥ ቦታ ከተገኘ ለምጣዱ ስጡት።

ጋዝ ሲሊንደር ቫልቩ ተዘግቶ፣ ማስተላለፊያው ተነቅሎ፣ ቆሞና ታስሮ፣ ክፍት ካሶኒ ላይ ከኋላ በኩል ይጫን። በዝግ መኪና ውስጥ አይሄድም።

ቅቤ፣ ማርና ዘይት ከልብስ ካርቶን ጋር አይቀላቀሉ። አባይ በረሃ ወይም ድሬዳዋ መስመር ላይ ሙቀቱ ቅቤውን ያቀልጠዋል፤ በእጥፍ ፌስታል ታስሮ በባልዲ ውስጥ ይቁም። ጀሪካኑን አፍ እስከ አፍ አትሙሉት። ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ በውስጡ ያለው አየር ይለጠጥና ዘይቱ በክዳኑ በኩል ይወጣል።

አሁን ወደ ቺፑዱ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ 10፣ 13 እና 17 ቁጥር ቁልፍ፣ የስድስት ጎን ቁልፍና ትንንሽ ፌስታሎች አዘጋጁ። ከመፍታታችሁ በፊት ዕቃውን ከ4 ጎን ፎቶ አንሡ። የእያንዳንዱን ዕቃ ብሎንና ቪቴ በየራሱ ፌስታል አድርጋችሁ በዕቃው ትልቁ ጣውላ ጀርባ በፕላስተር ለጥፉት። ሁሉንም አንድ ጣሳ ውስጥ የጨመረ ሰው አልጋውን የሚገጥመው በሦስተኛው ቀን ነው። ቺፑድ ውስጥ በቀጥታ የገባ ቪቴ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲፈታ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ሲገጠም 2 የክብሪት እንጨት በኮላ ነክራችሁ ቀዳዳው ውስጥ አስገቡ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ቪቴውን መልሱ። በምስማርና በኮላ የተሠራን አትንኩ፤ ሲፈታ ይፈርሳል። እንደቆመ መሬት ለመሬት አትጎትቱት፤ የቺፑድ እግር ወደ ታች ይሸከማል እንጂ ወደ ጎን ሲገፋ ይገነጠላል።

ወርቅ፣ ጥሬ ገንዘብ፣ ሰነድ፣ ላፕቶፕ፣ የዕለት መድኃኒትና የካርቶኖቹ ዝርዝር ያለበት ደብተር ከእናንተ አይለዩ።

6. መጫን

ጫኝና አውራጆችን ከአንድ ቀን በፊት አነጋግሩ። ቤቱን ገብተው ይዩ፣ ፎቁን ይቁጠሩ፣ ከዚያ ዋጋ ይጥሩ፤ በጅምላ ተስማሙ እንጂ በፍሬ አይሁን። በፍሬ ከሆነ እያንዳንዱ ወንበር አንድ ዕቃ ይሆናል። በብዙ ሰፈር የተደራጁ ማኅበራት አሉና ሌላ ሰው ይዛችሁ ከመምጣታችሁ በፊት የአካባቢውን አሠራር ከወረዳው ጠይቁ። በመድረሻውም ከተማ ሰው ልካችሁ ይህንኑ አስቀድሙ፤ ከጉዞ ደክሞ፣ ሌሊት፣ ሹፌሩ እያጣደፈ የሚደረግ ድርድር ሁልጊዜ ውድ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ የጭነት መኪኖች በቀን እንዳይንቀሳቀሱ የተከለከሉባቸው ሰዓቶችና መንገዶች አሉ፤ ለመጫን የሚመጣበትን ሰዓት ከሹፌሩ ጋር በዚህ ልክ አስተካክሉ። ሁሉም ነገር ታስሮ በር አጠገብ ከተደረደረ ለ4 ሰው የ2 ሰዓት ሥራ ነው። ካልታሰረ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

መጀመሪያ ካሶኒው ይጠረግ፣ ላስቲክ ይነጠፍ። ከባዱ ሁሉ ወደ ጋቢናው፣ ከታችና መሀል ላይ፦ ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ የእህል ጆንያ፣ የመጽሐፍ ካርቶን። ፍሪጁ ጀርባው ወደ ጋቢናው ሆኖ በገመድ ከብረቱ ጋር ይታሰር። የቁም ሳጥኑና የአልጋው ጣውላ በስፖንዳው (በካሶኒው የጎን መከለያ) ግራና ቀኝ በጠርዙ ይቁም፤ ለመሀሉ ጭነት ግድግዳ ይሆናል። ፍራሾቹ በመሀል፣ መስታወቱና ቴሌቪዥኑ በፍራሾቹ መካከል። ሶፋው ቦታ ለመቆጠብ በጎኑ ሊቆም ይችላል፤ እግሩ ከተፈታ በተሻለ ይገጥማል። ካርቶን ከ4 በላይ አይደራረብ። ክፍተት በተገኘበት ሁሉ የልብስ ማዳበሪያ ይጠቅጠቅ። መጨረሻ የሚጫነው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ነው፦ አንድ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ምድጃ፣ ድስት፣ ባልዲ፣ ካቻቢቴው።

እሰሩ ሲባል ከላይ ብቻ አይደለም። አባይ በረሃ ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ሲወረድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ ጭነቱ ወደ ጋቢና ይገፋል። ወደ ደጀን ሲወጣ ደግሞ ሁሉም ወደ ኋላው ስፖንዳ ይመጣል። ወደ ደሴ ሲኬድ ጣርማ በር ላይ ያለውም ይኸው ነው። ስለዚህ በየ1 ሜትር ተኩሉ ከግራ ስፖንዳ ወደ ቀኝ አንድ ገመድ፣ ከኋላ ደግሞ በመስቀለኛ ሁለት ገመድ ያስፈልጋል። ገመዱ የቺፑድንና የሶፋን ጠርዝ በሚነካበት ቦታ የታጠፈ ካርቶን አስገቡ፤ ናይለን ገመድ በንዝረት እንደ መጋዝ ይበላል። ሸራው ከፊት ወደ ኋላ ይደራረብ፣ ነፋስ ከሥሩ እንዳይገባ ጠርዙ ከስፖንዳው ውጭ ወርዶ ይታሰር።

ሸራው ከመሸፈኑ በፊት ካሶኒውን ከ3 አቅጣጫ ፎቶ አንሡ፤ በዚያው ካርቶኖቹን ከሹፌሩ ጋር ቁጠሩና አስፈርሙት።

7. መንገድና ማውረድ

የምትሄዱበት መስመር ክፍት መሆኑን በዋዜማው ብቻ ሳይሆን በዕለቱ ጠዋት፣ ከዚያ አቅጣጫ ከመጣ ሹፌር ጠይቁ። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ጋቢና ውስጥ ቢሄድ ይመረጣል። ከተነሣ ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ መኪናው ይቁምና ገመዱ እንደገና ይጥበቅ፤ ጭነት በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ይረጋጋል፣ ያኔ የጠበቀው ገመድ ይላላል። ማታ የሚታደር ከሆነ ጥበቃ ባለበት ጊቢ ይሁን።

ስትደርሱ ከማውረዱ በፊት ሸራው ሲገለጥ እንደገና ፎቶ አንሡ። አንድ ሰው በር ላይ ደብተር ይዞ ይቁምና የሚገባውን ቁጥር ይሰርዝ። የጎደለ ወይም የተሰበረ ካለ ሹፌሩ ባለበት ውሉ ጀርባ ላይ ይጻፍና ይፈረም፤ ቀሪው ክፍያ ላይ የምትነጋገሩት ይህን ይዛችሁ ነው። የጎደለ ከሌለ ግን ቀሪውን ሳታዘገዩ ክፈሉ፤ ሰውየው መንገድ አለው።

ፍሪጁ ቆሞ ከመጣ ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት፣ ተጋድሞ ከነበረ 24 ሰዓት ሳይሰካ ይቆይ። የልብስ ማጠቢያው የማጓጓዣ ብሎኖች ከመሠራቱ በፊት ይውጡ፤ ከነብሎኑ ከዞረ ራሱን ይሰብራል። ምጣዱን ከመሰካታችሁ በፊት ሸክላው ላይ ስንጥቅ መኖሩን እዩ፣ አንሥታችሁም ሽቦው ከቦዩ አለመውጣቱን አረጋግጡ። ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ የአዲሱ ቤት መስመርና ሶኬት መቻሉን በኤሌክትሪክ ባለሙያ አሳዩ። ከዚያ በዝቅተኛ ሙቀት ለ15 ደቂቃ ያህል ብቻውን ይሙቅ፣ እርጥበቱ ይውጣ፣ በጎመን ዘር አሟሹት። የቺፑዱን ቪቴዎች ደግሞ ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ዞራችሁ አጥብቋቸው።